የመዝገበ ቃላት ተራና አወጣጥ፤ «ደብረ ሲና»ን በምሳሌነት በመውሰድ

1. መግቢያ

መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው ገና ከጅምሩ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። አንደኛው፥ ቃሉ ከየትኛው ቃል ቀጥሎ፣ ከየትኛውስ ቀድሞ ይግባ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ቃሉ በገጹ ላይ በምን ዐይነት አጻጻፍና መልክ ይውጣ የሚል ነው። የመጀመሪያውን የተራ ጥያቄ፣ ሁለተኛውን የአወጣጥ ጥያቄ ብለን ልንጠራቸው እንችላለን። የሁለቱ ልዩነት ግልጽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመዝገበ ቃላት ታሪካችን ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ጥያቄ ስለ ታዩ፣ አንዱን ለመመለስ የተሰጠው ውሳኔ ሌላውንም ሳይታሰብ አብሮ ሲወስን ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተራንና የአወጣጥን ታሪክ ከጥንቶቹ መዝገበ ቃላት ጀምሮ እስከ ኮምፒዩተር ዘመን ድረስ ባጭሩ መከታተል ነው። በኮምፒዩተር የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥም «መዝገበ ቃላት» የሚባል የመረጃ አያያዝ አለ። እርሱም ያንኑ ችግር አጋጥሞት፣ ችግሩ ደረጃ በደረጃ እየተፈታ መጥቷል። ከዚያ ታሪክ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ተርጓሚም የሚወስደው ትምህርት አለ ብለን እናምናለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው ቃል የአንዲት ከተማ ስም ነው። ደብረ ሲና በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ቁልቁለት ሥር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟን የመረጥንበት ምክንያት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅን የሚያስጨንቁት ጉዳዮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለሚገኙበት ነው። ስሙ ሁለት ቃላት ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያው «ደብር» ከሚለው የግእዝ ስም የወጣ ዘርፍ ያዥ ነው። ሁለተኛው ቃል ደግሞ ሞክሼ ባለው ፊደል ይጀምራል። ከዚህም በላይ በዚያው ተዳፋት ላይ ከደብረ ሲና በስተ ደቡብ የምትገኘው አንኮበር በአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት።

2. አንድ ስም በሁለት የፊደል ተራ

በግእዝ 26ቱ ፊደላት የተለመደው ተራ «ሀ ለ ሐ መ» ነው። በዚህ ተራ «ደ» 19ኛው ፊደል ነው። «አ በ ገ ደ» በሚለው ተራ ግን ያው ፊደል 4ኛ ይሆናል። እንግዲህ «ደብረ ሲና»ን የሚፈልግ አንባቢ በመጀመሪያው ዐይነት መዝገበ ቃላት ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች፣ በሁለተኛው ዐይነት ደግሞ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች መሄድ ይኖርበታል ማለት ነው።

በ«ደብረ» የሚጀምሩትን የቦታ ስሞች ብቻ ለይተን ብናይ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። አምስት ስሞችን እንውሰድ። በ«ሀለሐመ» ተራ ደብረ ሊባኖስ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ታቦር እየተባለ ይሄዳል። በ«አበገደ» ተራ ግን ደብረ ብርሃን ይቀድምና ደብረ ሊባኖስ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦር ይከተላሉ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው የከተሞቹን ስም በደረሰባቸው ጊዜ ቢመዘግብ ደግሞ ደብረ ብርሃን አንደኛ፣ ደብረ ሲና ሁለተኛ ይሆኑለታል። ይህ ሦስተኛው ተራ በፊደል የተደረደረ ባይሆንም ተራ መሆኑ አይካድም፤ የመንገድ ተራ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

3. ከሉዶልፍ እስከ ደስታ ተክለ ወልድ

በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን መሠረት በማድረግ የግእዝ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1661 በለንደን፣ የአማርኛውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት አሳተመ። ፍቺው በላቲን የተሰጠ በመሆኑ የእነዚህ መጻሕፍት አንባቢ አውሮፓዊው ሊቅ እንጂ የቋንቋው ባለቤት አልነበረም።

አንኮበር በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ካርል ዊልሄልም ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባሉ ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1839 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ መጡ። ኢዘንበርግ ቀደም ብሎ በትግራይ፣ ከዚያም በሸዋ ከቆየ በኋላ አማርኛውን በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውንም በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1841 በለንደን አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1881 የአንቷን ዳባዲ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በፓሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ደግሞ የኢኛሲዮ ጉይዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት በሮም ወጡ። ጉይዲን በሥራው የረዱት የሸዋው ሊቅ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ መሆናቸው ይታወቃል።

የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሥራ ጉይዲን በመርዳት ብቻ አላበቃም። እርሳቸው የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው አስፋፉት። አለቃም መጽሐፉ ለኅትመት ሳይበቃ በማረፋቸው አደራው ለደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተባለው ይህ ታላቅ ሥራ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት ታተመ። ደስታ ተክለ ወልድም የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሦስት ትውልድ የተቀባበለው ይህ አደራ ቃላቱንና ፍቺያቸውን ብቻ ሳይሆን ተራውንም አብሮ አስተላልፏል። ሁለቱም መጻሕፍት የተደረደሩት በ«አበገደ» ነውና።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ይህን ተራ የመረጡት ለፈላጊው ይመቻል ብለው አይደለም። ጥንታዊውና እውነተኛው ተራ «አበገደ» ነው፤ ከዕብራይስጥና ከሌሎቹ ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር የሚያስማማንም እርሱ ነው የሚል ጽኑ እምነት ስለ ነበራቸው ነው። በሌላ በኩል ግን በ1951 ዓ.ም. የታተመው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ግጽው «ከሣቴ ብርሃን» የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሕዝቡ በለመደው በ«ሀለሐመ» ተደረደረ። በመሆኑም በ15 ዓመት ውስጥ ከታተሙት ሦስት ታላላቅ መዝገበ ቃላት ሁለቱ በአንድ ተራ፣ አንዱ በሌላ ተራ ቆሙ።

ዛሬ በታወቀው መረጃ መሠረት ሁለቱም ተራዎች ጥንታውያን መሆናቸው ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1933 በቤት ሳሚስ ቁፋሮ የተገኘ አንድ የሸክላ ጽላት ፊደሉን በ«ሀ ለ ሐ መ» የሚጀምር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 ታወቀ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ በሶርያ ጠረፍ በምትገኘው በጥንታዊቷ ኡጋሪት ተመሳሳይ ጽላት ተገኘ። የጽላቶቹ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 13ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ይደርሳል። የኋለኞቹ ፊደላት አሰላለፍ ከእኛው ጋር በሁሉም ባይገጥምም፣ አጀማመሩ ያው ነው። ኡጋሪት ውስጥ «አበገደ»ን የተከተሉ ጽላቶችም ተገኝተዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ይህን ማስረጃ ለማየት አልታደሉም። ከዚህ ግኝት በኋላ ግን ከሁለቱ ተራዎች አንዱን «እውነተኛ»፣ ሌላውን «የተበላሸ» ማለት አይቻልም። ጥያቄው የእውነትና የሐሰት መሆኑ ቀርቶ የምርጫ ሆኗል።

4. ፊደል ወይስ ሥር

ከፊደል ተራ ሌላ ጥልቅ የሆነ ሁለተኛ ምርጫ አለ። «መዝገብ» የሚለው ቃል በ«መ» ይግባ ወይስ «ዘገበ» ከሚለው ግሥ ሥር? አውጉስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 በላይፕሲክ ያሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት የሥር ቃልን የተከተለ ነው። የእኛም ሊቃውንት የግሥ ትምህርት ልማድ ይህንኑ መንገድ ያጸናል። በዚህ አሠራር ቃል ከቤተ ዘመዱ ጋር ይውላል፤ የተወለደበት ግሥ፣ የግሡ ርባታና ከርሱ የወጡት ስሞች ባንድ ገጽ ይታያሉ። ለሰዋስው ተማሪ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ቃሉን ሰምቶ ፍቺውን ብቻ የሚፈልግ አንባቢ ግን ሥሩን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ሥሩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍቺውንም ያውቃል።

«ደብረ ሲና»ም ከዚህ ችግር አያመልጥም። «ደብረ» ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል ባለመሆኑ ሥርን የሚከተል አዘጋጅ «ደብር» በሚለው ዋና ቃል ሥር ያገባዋል። የፊደል ተራን የሚከተለው ግን «ደብረ ሲና» ብሎ ራሱን የቻለ ቃል ያደርገዋል። «ደብር» እና «ደብረ» የሚለያዩት በ«ር» እና በ«ረ» ስለ ሆነ፣ በተለመደው የሆሄያት ተራ «ደብረ» ቀድሞ «ደብር» ይከተላል። ልጅ አባቱን ቀደመ ማለት ነው።

5. ከካርድ ሣጥን ወደ ኮምፒዩተር

በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ፣ እርሱንም የተካው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የደከሙበት «አማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1993 ዓ.ም. ታትሟል። በዚያ ዘመን የመዝገበ ቃላት ሥራ መሣሪያ ካርድ ነበር። አንድ ቃል በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ በሣጥን ይቀመጣል። ቃላቱ የሚመጡት ከመጽሐፍ፣ ከጋዜጣና ከተናጋሪ አንደበት በተገኙበት ተራ ነው። ወደ ሣጥኑ ሲገቡ ግን በፊደል ይደረደራሉ። ካርዱ አንዴ ከተደረደረ የመጣበት ተራ ይጠፋል፤ ያልተደረደረውን ደግሞ ማግኘት አይቻልም። እንግዲህ ካርዱ አንድ ስለ ሆነ ቦታውም አንድ፣ መልኩም አንድ ነው። ተራና አወጣጥ የተጣበቁት በዚህ ምክንያት ነበር ማለት ይቻላል።

ኮምፒዩተር ይህን እስር መፍታት ሲገባው፣ መጀመሪያ ላይ ሌላ እስር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰሌዳ፣ በ3ኛው እትሙ፣ የኢትዮጵያ ፊደል ገባ። ለእያንዳንዱ ሆሄ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩም «ሀለሐመ»ን ተከተለ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ስለ ነበረው ያንዱ ጽሑፍ በሌላው አይነበብም ነበርና። ነገር ግን ቁጥሩ የተሰጠው ሆሄን ከሆሄ ለመለየት እንጂ ቃልን ከቃል ለማስቀደም አይደለም። ኮምፒዩተር የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር ቃላትን የሚደረድረው በዚያው ቁጥር ነው። አዘጋጁ ያልወሰነውን መሣሪያው ይወስናል።

ውጤቱን በሁለት ምሳሌ እንይ። «ኃይል» የሚለውን ቃል ጸሐፊዎች በስድስት መንገድ ሊጽፉት ይችላሉ፤ አነባበቡ ግን አንድ ነው። የመጀመሪያው ሆሄ ቁጥር በሥርዓተ አኃዝ ሲገለጽ «ሀይል» በ4608፣ «ሃይል» በ4611፣ «ሐይል» በ4624፣ «ሓይል» በ4627፣ «ኀይል» በ4736፣ «ኃይል» በ4739 ይጀምራሉ። ስለዚህ በ«ሃይል» እና በ«ሐይል» መካከል በ«ለ» የሚጀምሩ ቃላት በሙሉ ይገባሉ። በ«ሓይል» እና በ«ኀይል» መካከል ደግሞ ከ«መ» እስከ «ቸ» ያሉት ሁሉ ይሰለፋሉ። አንድ ቃል በመጽሐፉ ስፋት ተበተነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ደብረ ሲና ራሷ ናት። ስሟን አንዱ ጸሐፊ ክፍት ቦታ ትቶ «ደብረ ሲና»፣ ሌላው አጣብቆ «ደብረሲና»፣ ሦስተኛው የጥንቱን ልማድ ጠብቆ በሁለት ነጥብ «ደብረ፡ሲና» ብሎ ይጽፈዋል። በዩኒኮድ የክፍት ቦታ ቁጥር 32፣ የ«ሲ» ቁጥር 4658፣ የሁለት ነጥብ ቁጥር 4961 ነው። ስለዚህ በቁጥር ብቻ በተደረደረ ማውጫ ውስጥ ከሦስቱ አጻጻፎች ባለ ክፍት ቦታዋ ደብረ ሲና ትቀድማለች፤ ደብረ ብርሃንና ደብረ ታቦር ይከተሏታል፤ ከእነርሱ በኋላ የተጣበቀችው ደብረሲና፣ በመጨረሻም ባለ ሁለት ነጥቧ ትመጣለች። አንዲት ከተማ ሦስት ከተማ ሆነች። በመጀመሪያው ቦታ ፈልጎ ያጣት አንባቢ «በማውጫው የለችም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል።

6. ተራ የሚጠብቀው መዝገብ

በፕሮግራም ቋንቋዎች «መዝገበ ቃላት» የሚባለው፣ ቁልፍንና እሴትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚይዝ የመረጃ አያያዝ ነው። ቁልፉ እንደ መዝገበ ቃላታችን ዋና ቃል፣ እሴቱ እንደ ፍቺው ነው። ፕሮግራሙ ቁልፉን ሲጠራ እሴቱን ያገኛል። ኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህን አያያዝ ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀምበት ቆይቷል።

የፓይተን መዝገብ ለረጅም ጊዜ ተራ አልነበረውም። ቃላቱ በምን ተራ እንደ ገቡ አያስታውስም ነበር፤ ይዘቱ እንዲታይ ሲታዘዝም ለመሣሪያው በተመቸው አኳኋን ያወጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የ3.1 እትም፣ በተከታዩም ዓመት በ2.7 እትም፣ «ኦርደርድ ዲክት» የሚባል ሌላ ዐይነት መዝገብ ተጨመረ። ይህኛው የገቡትን ቁልፎች የገቡበትን ተራ ይጠብቃል። የአዲስ አበባና የደሴ ተጓዥ ያቀረብነውን የመንገድ ተራ ያስታውሷል፤ ደብረ ብርሃንን አስቀድሞ፣ ደብረ ሲናን አስከትሎ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ከ3.7 እትም ጀምሮ ደግሞ መደበኛው መዝገብም ተራ እንዲጠብቅ የቋንቋው ደንብ ሆነ።

ተራው ተጠብቆም የአወጣጥ ጥያቄ ግን አልተፈታም። ይዘትን አሳምሮ ለማውጣት የተዘጋጀው የፓይተን መሣሪያ፣ መደበኛው መዝገብ ተራ የሚጠብቅ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ ሲያወጣ ቁልፎቹን በፊደል መደርደሩን ቀጠለ። የጠበቀውን ተራ በመውጫው በር ላይ ያፈርሰው ነበር ማለት ነው። «አትደርድር» ብሎ ለማዘዝ የሚያስችል አማራጭ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የ3.8 እትም ነው። «ኦርደርድ ዲክት» ራሱ በማያ ገጽ ላይ ሲወጣም መልኩ ለንባብ የከበደ ነበር፤ እያንዳንዱ ጥንድ በቅንፍ ውስጥ፣ ቅንፎቹም በሌላ ቅንፍ ውስጥ ሆነው ይታዩ ነበር። እንደ መደበኛው መዝገብ ቁልፉን በሁለት ነጥብ ከእሴቱ ለይቶ እንዲወጣ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የ3.12 እትም ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ይህ መልክ ያልተስማማው ፕሮግራም ጸሐፊ፣ መዝገቡን ወራሽ አድርጎ የራሱን የአወጣጥ ደንብ መጻፍ ይችላል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ የአወጣጥ ደንብ ሲለወጥ በመዝገቡ ውስጥ የተያዘው ነገር አንድም አይነካም።

ለኢትዮጵያ ፊደል ተጠቃሚ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነበረ። በፓይተን 2ኛ እትሞች ዘመን «ደብረ ሲና» የሚል የዩኒኮድ ቁልፍ ያለው መዝገብ እንዲወጣ ሲታዘዝ፣ በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ስሙ ሳይሆን የሆሄያቱ ቁጥር በምስጢር ጽሕፈት መልክ ነበር። ስሙ በውስጥ በትክክል ተይዟል፤ ሲወጣ ግን አይነበብም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የወጣው የ3.0 እትም ይህን ለውጦ የሚነበቡ ሆሄያት ሁሉ በራሳቸው መልክ እንዲወጡ ደነገገ። ጄሶን በተባለው የመረጃ መለዋወጫ ቅርጽ ሲጻፍ ግን ያው የቁጥር ልማድ በፓይተን ውስጥ እስካሁን መነሻው ነው፤ ፊደሉ በራሱ መልክ እንዲወጣ የፈለገ ለይቶ ማዘዝ አለበት። አማርኛ በኮምፒዩተር ውስጥ በትክክል ተይዞ ሳለ በአወጣጥ ደንብ ብቻ ከዐይን ሊሰወር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

7. ስለ ስያሜ

ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ የሚያመጣ ተርጓሚ ወዲያውኑ የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ «ኦርደርድ» እና «ሶርትድ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው አንድ የታወቀ ተራ ያለውና ያንን ተራ የሚጠብቅ ማለት ነው፤ ተራው የመንገድም፣ የልደትም፣ የመምጣትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በአንድ ደንብ፣ ለምሳሌ በፊደል ወይም በመጠን፣ የተደረደረ ማለት ነው። ሁለቱንም «በቅደም ተከተል የተቀመጠ» ብሎ መተርጎም አንባቢውን ያሳስታል። ደብረ ሲናን ሁለተኛ የሚያደርገው መዝገብና ሦስተኛ የሚያደርገው መዝገብ ባንድ ስም ይጠራሉና።

አማርኛ ይህን የሚለይበት ቃል አላጣም። በአውቶቡስ ተራ፣ በወፍጮ ቤትና በውሃ ቦታ ሰው «ተራዬን ጠብቄ» ሲል በቁመት ወይም በስም ፊደል ተደርድሮ ማለቱ አይደለም፤ በመጣበት ቅደም ተከተል ማለቱ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ተራ ጠባቂ መዝገብ»፣ ለሁለተኛው «የተደረደረ መዝገብ» የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። «ተራ» ብቻውን ቢቆም «ተራ ነገር» እንደሚባለው ዝቅ ያለ ወይም ልዩ ያልሆነ የሚል ትርጉም ሊሰጥ ስለሚችል «ጠባቂ» የሚለው መለያ ሊቀር አይገባም። በማያ ገጽም ሆነ በወረቀት ላይ ለሚደረገው ነገር ደግሞ «ማተም» ከሚለው «ማውጣት»፣ ከርሱም «አወጣጥ» የሚለው ይሻላል። የፕሮግራም ቋንቋው ይዘቱን ለዐይን ያቀርባል እንጂ ማተሚያ ቤት አይልክምና።

8. ማጠቃለያ

በሞክሼ ፊደላት ላይ የተደረገው ረጅም ክርክር ከዚህ አንጻር ቢታይ መልኩ ይለወጣል። ይቀነሱ የሚሉት ወገኖች ቃል እንዳይበተን ሠግተዋል። ይቀመጡ የሚሉት ደግሞ የቃሉ ዘር እንዳይጠፋ ሠግተዋል፤ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ «ዓመት» ዘመን ሲሆን «አመት» በግእዝ ገረድ ናትና። ሁለቱም ሥጋቶች እውነተኞች ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው የተራ ጥያቄ፣ ሁለተኛው የአወጣጥ ጥያቄ ነው። በካርድ ሣጥን ዘመን አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን መሠዋት ግድ ነበር። ዛሬ ግን ግድ አይደለም። ቃሉ በተጻፈበት ፊደል ተይዞ በዚያው ፊደል ይወጣል፤ ለመደርደሪያ ብቻ የሚያገለግል ስውር ቁልፍ ደግሞ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ክፍት ቦታውንና ሁለት ነጥቡንም እኩል ያደርጋል። ቁልፎቻቸው አንድ የሚሆኑባቸው ቃላት፣ እንደ «ዓመት» እና «አመት» ያሉት፣ በሁለተኛ ደረጃ በመጀመሪያው አጻጻፋቸው ይደረደራሉ። ያን ጊዜ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንባቢም ልዩነታቸውን ባንድ ዐይን ያያል።

የፊደሉም ተራ እንዲሁ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ዐይነት መዝገብ አንዴ በኮምፒዩተር ከተያዘ በ«አበገደ»ም በ«ሀለሐመ»ም ሊወጣ ይችላል፤ የሊቁም ምርጫ ሳይፋቅ፣ የዛሬው አንባቢም ሳይቸገር ይኖራሉ። ሆኖም መሣሪያው የማይችለው ነገር አለ። «መዝገብ» የ«ዘገበ» ልጅ መሆኑን ቁጥር አይነግረንም። «አለ» ተናገረ ማለት ይሁን ኖረ ማለት ይሁን ፊደሉ አይለይም፤ የሚለየው መጥበቅና መላላት ነውና። እነዚህን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በእጁ ሊመዘግባቸው ይገባል። ካልመዘገባቸው የትኛውም የአወጣጥ ደንብ ሊያወጣቸው አይችልም።

ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ለሚደክሙ ሁሉ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፥ ማንኛውም መዝገበ ቃላት ወይም ማውጫ የተከተለውን ተራ፣ ሞክሼዎችን ያስተናገደበትንና ጥምር ስሞችን ያገባበትን ደንብ በመቅድሙ በግልጽ ይግለጽ። ሁለተኛ፥ ቃሉ የሚያዝበት አጻጻፍና የሚደረደርበት ቁልፍ ተለይተው ይመዝገቡ። ሦስተኛ፥ የሥር ዝምድናና የንባብ መጥበቅ ወይም መላላት እንደ ራሱ መረጃ ይያዝ እንጂ ለተራው አይተው።

ይህ ሁሉ የአዘጋጆች የእርስ በርስ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። መዝገበ ቃላት ውስጥ የሌለ ቃልና ሊገኝ ያልቻለ ቃል ግን ለፈላጊው አንድ ናቸው። በደብረ ሲና ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ «ኃይል»ን በ«ሀ» ፈልጎ ቢያጣ፣ ቋንቋው ስፍር ቁጥር የሌለው ቃል አለው ቢባል አያምንም። ተራው በአዘጋጁ ካልተወሰነ በመሣሪያው መወሰኑ አይቀርም። መሣሪያው ግን «ሀ»ን ከ«ኀ» የሚለየው በቁጥር ነው፤ የሚያዛምዳቸውን ንባብ የሚያውቀው የቋንቋው ባለቤት ብቻ ነው።